ሦስት ፊደል የጎደለው ማስታወሻ፦ የአቶ ጋዲሳ ደሜ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጋዲሳ ደሜ ከአባታቸው ከአቶ ደሜ ወዬሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቂ ጉርሜሳ፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በመናገሻ አውራጃ፣ ከሆለታ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ ጥር 24 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአምስት ልጆች ሁለተኛ፣ ከወንዶቹ የመጀመሪያ ነበሩ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩትና የማነበው ታናሽ እህታቸው ሜቲ ደሜ ነኝ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሟችን አንቱ ማለት ደንብ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አንተ ነበር የምላቸው። ከትናንት ጀምሮ እሳቸው እያልኩ ስጽፍ የማላውቀውን ሰው ሰነድ የምተረጉም ይመስለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ረድቶኛል። ልቅሶ ገና አልመጣልኝም። እጄም እግሬም ይሠራል፣ ድንኳኑን አስተክያለሁ፣ ፎቶግራፉን አሳትሜያለሁ፣ ውስጤ ግን ደንዝዟል። ደረቅ ዓይኔን አይታችሁ አትፍረዱብኝ።

ሽማግሌዎች ረቂቁ ሳያልቅ አይተውት «የብድሩ ነገር ባይነሳ ይሻላል፤ ሙት ወቃሽ አያድርገን» ብለው መክረውኛል። በደግነት ነው። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የደንዲ የአየር አገልግሎት ባለአክሲዮኖች ናችሁ። ግማሾቻችሁ ጋዲሳ ብድር ደብቆ አክሲዮን አስገዛን ብላችሁ ታምናላችሁ፤ ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁትም ቅሬታችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ነው። በወንድሜ ስም ላይ የቀረው ነገር ይህ ነው። ዛሬ ካልተስተካከለ ሌላ ቀን የለውም። ስለዚህ ከልጅነታቸው ጀምሬ በቅደም ተከተል እሄዳለሁ፣ ብድሩ ጋ ስደርስም አልዘለውም።

አቶ ጋዲሳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሆለታ ተማሩ። በ1972 ዓ.ም. በኮልፌ የእንጨት ሥራ ቤት ወደነበራቸው አጎታችን መጥተው፣ ግማሽ ቀን ሳንቃ እየላጉ ግማሽ ቀን እየተማሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። አጎታችን አልጋው ላልደረሰለት ደንበኛ «ነገ ና በለው» ሲሏቸው «ነገ አይደርስም፣ ሐሙስ ነው» ብለው ሰውየውን ይመልሱ ነበር። ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። አጎታችንም «ይህ ልጅ ቢሮ ይግባ፤ ለገበያ አልተፈጠረም» ብለው ወሰኑ፣ የንግድ ሥራ ኮሌጅ መመዝገቢያውንም ከፈሉላቸው። በ1979 ዓ.ም. በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመርቀው በዓመቱ በአንድ የሕንጻ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። በሥራ ላይ እያሉም በማታው ክፍለ ጊዜ ተምረው በ1991 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ።

እኔን በ1978 ዓ.ም. ከገጠር አምጥተው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ አማርኛ አልችልም ነበር። ከእሳቸው የተማርኳቸው የመጀመሪያዎቹ ቃላት መጋዝ፣ መላጊያና ኮላ ናቸው። በኋላ በቋንቋ ተመርቄ በ2001 ዓ.ም. አየር ጤና ላይ የትርጉም ቤት ስከፍት ኮምፒውተሩን ገዝተው ሰጡኝ። ዋጋውን ብጠይቃቸው «ተቀበይ፣ ደረሰኝ አልይዝም» አሉኝ። በሕይወታቸው ደረሰኝ ያልያዙበት ዕቃ ያ ብቻ ይመስለኛል።

በግንቦት 1985 ዓ.ም. በቤቴል በሚገኝ ክሊኒክ በነርስነት ያገለግሉ የነበሩትን ወ/ሮ ዘመነች ጥሩነህን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አገቡ። በ1987 ዓ.ም. ሌሊሴን፣ በ1993 ዓ.ም. ኢዮሲያስን አፈሩ። ቤቴል የሚገኘውን ቤታቸውን በአሥራ አንድ ዓመት ክፍል በክፍል ሠሩት። እንግዳ ሲመጣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበትን፣ ቀለም ያልደረሰውን ግድግዳ፣ ውሃ የማይወርድበትን ባኞ እየመሩ ያሳዩ ነበር። ወ/ሮ ዘመነች «የሰው ባል የሠራውን ያሳያል፣ የእኔው የቀረውን» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «አይቶት ይግባ፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳይል» ይሉ ነበር።

አቶ ጋዲሳ በ1999 ዓ.ም. ደንዲ የአየር አገልግሎት አክሲዮን ማኅበርን ተቀላቀሉ። ለማታውቁት፣ ደንዲ በትንንሽ አውሮፕላኖች በሽተኛ የሚያመላልስ፣ ማሳ የሚረጭና የመሬት ቅየሳ የሚሠራ ድርጅት ነው። አክሲዮኑም በአብዛኛው የተሸጠው በዚሁ በኮልፌ፣ በአየር ጤናና በቤቴል ነው። ጋራዥ ያለው፣ ጨርቅ የሚሸጥ፣ የጡረታ ገንዘቡን ያጠራቀመ ሁሉ ገዝቷል። በ2004 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት ኃላፊ ሆኑ፤ እስከለቀቁበት ቀን ድረስ አሥራ ሁለቱንም የዓመት ሪፖርቶች ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

ሒሳብ ያልተማረ ሰው ሪፖርት ሲደርሰው ትርፉን አይቶ ይዘጋዋል። አቶ ጋዲሳ የሚወዱት ከኋላ ያሉትን በቁጥር የተደረደሩ ማስታወሻዎች ነበር። ድርጅቱ ከማን ተበደረ፣ መቼ ይመልሳል፣ ምን አስያዘ፣ በማን ተከሷል የሚለው የሚጻፈው እዚያ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ሰዉ ምሳውንና የትርፍ ድርሻውን ሲጠባበቅ እሳቸው ተነስተው የብድሩን ማስታወሻ ያነቡ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ ከዚያም ፊቱ ያልበራለት ሰው ካዩ እንደገና። «ብድር ነውር አይደለም፣ ባለቤቱ ሳያውቀው የቀረ ብድር ነው ነውሩ» የሚለውን አባባላቸውን ከእናንተ መካከል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በ2006 ዓ.ም. ቦርዱ አንድ የፍርድ ቤት ክስ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ሊያግባባቸው ቢሞክርም አላወጡም። የዚያን ዓመት የትርፍ ድርሻ ቀነሰ፣ ተረገሙም። ሪፖርቱ በአማርኛም እንዲታተም ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ሕጉ የሚጠይቀው እንግሊዝኛውን ብቻ ነበር። ለባለአክሲዮን ያልተነገረውንም ለቤተሰብ አይናገሩም። ሚስታቸውም ልጆቻቸውም እንደማንኛችሁም ቢጫ ሽፋን ያላት የሪፖርቱ ጥራዝ ስትታተም ጠብቀው ነበር የሚያነቡት።

በ2010 ዓ.ም. ደንዲ ከጎመንዘር ዘይት የአውሮፕላን ነዳጅ ማውጣትን የሚያጠና የምርምር ክፍል ከፈተ። ጎመንዘር አባታችን ከገብሱ ዳር የሚዘሩት፣ እናታችን ምጣድ የሚያስሱበት ነው። «የምጣድ ማሰሻ ሊያበረን ነው» ተብሎ በየታክሲው ተቀልዶበታል፤ ሟችም ከሳቁት አንዱ ነበሩ። ከተለመደው የአውሮፕላን ነዳጅ ጋር ተደባልቆ ጭሱ ለሰማይ የሚቀል መሆኑ በቁጥር ሲቀርብላቸው ግን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስመርምረው አመኑ። ልጃቸው ሌሊሴ በ2012 ዓ.ም. በኬሚካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣ የአባቷ ሥራ ቦታ በመሆኑ ሁለት ጊዜ ተፈትና፣ በዚሁ ክፍል ተቀጠረች። ዘይቱ ከፍታ ላይ በብርድ እንዳይረጋ ማድረግ የእሷ ድርሻ ነበር።

በዚያው በ2012 ዓ.ም. ድርጅቱ ለምርምሩ ማጣሪያና የሞተር መሞከሪያ መግዣ ከውጭ አገር አበዳሪ በዶላር ተበደረ። ሁለት አውሮፕላኖችና የምርምር ክፍሉ ዕቃ በመያዣነት ተሰጡ። ለአራት ዓመት ወለዱ ብቻ እየተከፈለ፣ ዋናው ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ነበር። የሚመለስበት ቀን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በምህጻሩ እ.ኤ.አ.፣ ጁን 2024 ነው። በእኛ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ጉባኤ የታደላችሁ የአማርኛ ሪፖርት ማስታወሻ ቁጥር 17 «ብድሩ በሰኔ 2024 ዓ.ም. ተከፍሎ ይጠናቀቃል» ይላል። እ.ኤ.አ. የሚሉት ሦስት ፊደላት ጠፍተው በቦታቸው ዓ.ም. ገብቷል። ሁለት ዓመት እንኳ ያልቀረው ዕዳ አሥር ዓመት የቀረው ሆኖ ታተመ። አቶ ጋዲሳ ማረሚያውን ሲያነቡ እንደ ልማዳቸው የአማርኛውን ቁጥር ከእንግሊዝኛው ቁጥር ጋር አመሳከሩ፤ 2024 ከ2024 ጋር ገጠመ፣ ፈረሙ። በጉባኤው ላይ ማስታወሻውን ጮክ ብለው ሲያነቡም «ሰኔ 2024» አሉ። ከአራት መቶ ሰው አንድም የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም እዚያ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ አዲስ አክሲዮን ሸጠ። ዕዳው ሩቅ ነው ብላችሁ ገዛችሁ። ቦርዱ ትክክለኛውን ቀን በእንግሊዝኛው ያውቅ ነበር፤ ከሽያጩ በሚገኘው ብር ብድሩ ይከፈላል ብሎ ተማምኖ ነበር፣ የተሸጠው ግን ከታሰበው ግማሽ አልሞላም። ባለአክሲዮኑ ቀኑን ቢያውቅ ኖሮ ገና በጊዜው ይጠይቅ፣ አበዳሪውም እንዲያራዝም ይለመን ነበር። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ናቸው ያሉት።

ስህተቱን ያገኙት በመስከረም 2016 ዓ.ም. የሚቀጥለውን ሪፖርት ሲያዘጋጁ ነው። ቦርዱ በአዲሱ ሪፖርት ዝም ብሎ እንዲስተካከል ነገራቸው፤ ማን ያስተውለዋል ተባሉ። አቶ ጋዲሳ ግን አንድ መስመር ያላት የማረሚያ ወረቀት በራሳቸው ወጪ አሳትመው፣ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ አደሉ። በፖስታ ወይም በስልክ ለምን አይሆንም ሲባሉ፣ ስታነቡት ፊታችሁን ማየት እንዳለባቸው ተናገሩ። ከቤቴል ኮልፌ፣ ከኮልፌ አየር ጤና በታክሲ ወጥተው ወርደው፣ በሁለተኛው ሳምንት እግራቸው አበጠ።

ወ/ሮ ጁወይሪያ በኮልፌ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የዕቁብ ዕጣቸውን በሙሉ አክሲዮን የገዙበት ናቸው። ወረቀቷን አንብበው «ጋሽ ጋዲሳ፣ ይቺን ምን ላድርጋት? ልብላት?» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ትንሽ ቆይተው ከፍተው ውሃ ሰጧቸው፣ ወንበርም አወጡላቸው። የአየር ጤናው ጋራዥ ባለቤት አቶ መህዲ ደግሞ ወረቀቷን ገልብጠው ጀርባዋን ካዩ በኋላ «ማን ነው የተሳሳተው?» ብለው ጠየቁ። ሟች «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። አቶ መህዲም «እኔ ማን ፈረመ አላልኩም» አሏቸው። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር። ከስድስት ሳምንት ዙረት በኋላ መሬት የያዘ ጥያቄ የጠየቃቸው አቶ መህዲ ብቻ እንደሆኑ አጫወቱኝ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጉባኤ ያው ጥያቄ ከአዳራሹ ተነሳ። አማርኛውን ያዘጋጀው ማን ነው ተባለ። አቶ ጋዲሳ «ያሳተምኩት እኔ ነኝ፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። መልሱ ውሸት አልነበረም። ሙሉም አልነበረም፤ ይህን ልዩነት ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። በታኅሣሥ ወር ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ቤቴል ፌርማታ ላይ ሲቆሙ ፊቱን የሚያዞርባቸው ሰው ነበር። ደብቆ አስገዛን የሚለው ወሬም ከዚያ ጀምሮ እንደ እውነት ተያዘ።

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ደረሰ፣ ብድሩ አልተከፈለም። አበዳሪው ሁለቱን አውሮፕላኖች ወሰደ፣ ማጣሪያውና የሞተር መሞከሪያው በሣጥን ታሽጎ ሄደ። የሌሊሴና የባልደረቦቿ ነዳጅ መሬት ላይ በሞተር አርባ አንድ ሰዓት ሠርቶ፣ በመስከረም ሊበር ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። የተረፈው ሃያ ሁለት በርሜል የጎመንዘር ዘይት ለሳሙና ፋብሪካ ተሸጠ። ሌሊሴ በርሜሎቹን ራሷ ቆጥራ አስረከበች።

ሌሊሴ የምርምሩን ዕቅድ እስከ 2020 ዓ.ም. የዘረጋችው ያቺኑ ቢጫ ጥራዝ አምና ነው። አባቷን «ለሕዝቡስ እሺ፣ ለእኔ እንኳ ባትነግረኝ?» አለቻቸው። ዝም አሉ። በሐምሌ ወር ልብሷን ይዛ ኮልፌ ቤት ተከራየች። በሳምንት አንዴ ለእናቷ ትደውላለች፤ ለአባቷ አትደውልም። አሥራ አምስት ወር የአባቷን ቤት አልረገጠችም። የቤተሰብ ገመና አደባባይ አወጣሽ እንዳትሉኝ፣ ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አቶ ጋዲሳ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ወ/ሮ ዘመነች የነርስነታቸውን በቤት ውስጥ አስታመሟቸው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ ሌሊሴ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየችም፤ ጥፍራቸውን ቆረጠች፣ ሾርባ አጎረሰች፣ ዘይቱ በብርድ እንዳይረጋ ስላደረጉት ነገር ሲጠይቋት በወረቀት እየሳለች አስረዳቻቸው። ስለ ብድሩ አንድም ቀን አላወሩም። እኔ ሁሉንም በር ላይ ቆሜ አይ ነበር።

አሁን ስሙን ያልጠራሁት ሰው ጋ ደርሻለሁ። የአማርኛውን ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ያለ ክፍያ እተረጉምላቸው ነበር። ያስተማሩኝ ወንድሜ ናቸው፣ ብር መቀበል ነውር መሰለኝ። የሒሳብ ሰዎች ኃላፊው ከዘመዱ ጋር ሲሠራ «ተያያዥ ወገን» ብለው በማስታወሻ ያወጣሉ፤ ብር ስላልተከፈለኝ እኔ የትም አልተጻፍኩም። ነጻ አገልግሎት ያልኩት ነገር ስሜን ሸሸገልኝ።

በዚያ ዓመት ቀኖቹን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር እንድመልስ ነግረውኝ ነበር። እኔ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሚለውን ከጽሑፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዓ.ም. ተካሁ፤ ከዚያ ዓመተ ምሕረቶቹን አንድ በአንድ መቀየር ጀመርኩ። መሐል ላይ የልደት ካርድ የሚያስተረጉሙ ባልና ሚስት ገቡ። ቪዛ ቀጠሮ አላቸው፣ ተቻኩለዋል። እነሱን ሸኝቼ ስመለስ ከማስታወሻ 18 ቀጠልኩ። እንዲህ ነው የሆነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሰው ልደትና ጋብቻ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ስመልስ ኖሬ አንዷን ዘለልኩ።

ስህተቱ ሲገኝ ወንድሜ ወደ ሱቄ መጥተው በሩን ዘግተው ነገሩኝ። በጉባኤው ራሴ እናገራለሁ አልኳቸው። «ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። ባል የለሽ፣ ሌላ ሥራ አታውቂ። ማረሚያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ ይለቅ» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ብዙ ግን አልተከራከርኩም። ሌሊሴ ቤቱን ጥላ ስትወጣም ሄጄ ልንገራት ብያቸው «ትመለሳለች» አሉኝ። አልሄድኩም። ሆስፒታል ውስጥ በመጨረሻው ሳምንት ሌሊሴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንደገና ጠየቅኳቸው። «ተይው ሜቲ፣ ገና አሁን ነው የመጣችልኝ። አሁን ብትነግሪያት አንቺን ታጣለች» አሉኝ። እንደዚያ ሲሉኝ ቀለለኝ። ከሁሉም የማፍረው በዚህ ነው፤ ወንድሜ እየሞቱ እኔን ቀለለኝ።

አቶ ጋዲሳ ደሜ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። የቀብር ሥርዓታቸውም ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ዛሬ በቤተ ክርስቲያናቸው መካነ መቃብር ይፈጸማል።

ሟች ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዘመነች ጥሩነህን፣ ልጆቻቸውን ሌሊሴንና ኢዮሲያስን፣ እንዲሁም እኔንና ሌሎቹን ወንድም እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። ለባለአክሲዮኖች የምለው አንድ ነው፤ ወንድሜ ያወቁትን ቀን አልደበቁባችሁም፣ ያወቁ ዕለት ደጃችሁ ድረስ ይዘውት መጥተዋል። የደበቁት እኔን ነው። ሰኞ የትርጉም ፈቃዴን ለሰጠኝ መሥሪያ ቤት ሄጄ ይህንኑ ጽሑፍ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እቀበላለሁ።

ሌሊሴ፣ በኦሮምኛ «አዳዳ»፣ የአባቴ እህት፣ እያልሽ የጠራሽኝ ልጄ። አባትሽ ዝም ያሉሽ መልስ አጥተው አይደለም። መልሱ እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ወርሽን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ፣ እሱን የሚመልስ ማረሚያ ደግሞ የለም። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ከጎናቸው የተቀመጥሽው አባትሽ ጥፋተኛ ናቸው ብለሽ እያመንሽ ነው፤ እያመንሽም ጥፍራቸውን ቆርጠሻል። እሳቸው ያዩት ይህን ነው፣ ይዘውት የሄዱትም ይህን ነው። ከቀብር መልስ ሰዉ እጁን የሚታጠብበት ጋ ቆሜ ውሃ አስታጥባለሁ። ከእኔ እጅ ባትታጠቢ፣ አልፈሽኝ ብትሄጂ ይገባኛል።

ምንም የማይሰወረው አምላክ የአቶ ጋዲሳ ደሜን ነፍስ በሰላም ይቀበል። ለቀረነውም እርስ በርስ መተያየት የምንችልበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።